ከደስታ በሽታ እስከ በግና ፍየል ወረርሽኝ፦ የእንስሳት ጤና ታሪክ በሁርሶ ቆላ

ሁርሶ ከድሬዳዋ በስተ ምዕራብ፣ አሮጌው የምድር ባቡር ወደ ኤረርና አዋሽ በሚያመራበት መስመር ላይ ያለ ቆላ ነው። በደቡብ በኩል የሐረርጌ ተራሮች ጫትና ማሽላ ያበቅላሉ፤ በሰሜን ግራርና ቁጥቋጦ የለበሰው ሜዳ እስከ አፋር ምድር ይዘልቃል። በሜዳው ላይ የኢሳ ሶማሌ አርብቶ አደሮች ግመል፣ ፍየል፣ በግና ላም ያሰማራሉ። የተራራውን ግርጌ ይዘው የሚኖሩት ኦሮሞዎች ደግሞ እርሻን ከከብት እርባታ ጋር አጣምረው ይዘዋል። ዝናቡ በማይታመንበት በዚህ አገር ወተቱም፣ ጥሎሹም፣ የደም ካሳውም፣ የክፉ ጊዜ ገንዘቡም የሚገኘው ከመንጋው ነው። ስለዚህ መንጋው ሲታመም ቤተሰብ ይራባል፣ ጋብቻ ይዘገያል፣ እርቅም ይደናቀፋል።

የእንስሳት ሐኪም የሚባል ባለሙያ ወደ አካባቢው ከመምጣቱ በፊት በሽታን የሚለየው እረኛው ነበር። መንጋው ጠዋት ከበረት ሲወጣ ወደ ኋላ የምትቀረውን፣ ተኝታ የማታመሰኳውን፣ አፍንጫዋ የደረቀውንና ጸጉሯ የቆመውን ላም ከመቶ መካከል ይለያታል። የኩበቱ መላላት፣ የወተቱ ድንገት መጉደል፣ ከሩጫ በኋላ የሚመጣ ሳል፣ አንገትን ዘርግቶ መተንፈስ፣ እያንዳንዱ የሚጠቁመው ነገር አለው። ዛሬ በእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት በመጀመሪያ የሚሰጠው የምርመራ ትምህርትም ከዚህ ብዙ አይርቅም። የተጨመረው ቴርሞሜትሩና ቤተ ሙከራው ነው። የጤነኛ ላም የሰውነት ሙቀት 38.5 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን የፍየልና የበግ ከዚያ ጥቂት ከፍ ይላል። ግመል ግን ውሃ ሲጠማት የሰውነቷን ሙቀት ሌሊት ወደ 34፣ ቀን ወደ 40 ዲግሪ ታደርሰዋለች። እንዲህ በማድረግ ላብ ታቆጥባለች። ከቀትር በኋላ የተለካ ከፍተኛ ሙቀት ብቻውን የግመል ሕመም ምልክት ስለማይሆን፣ በዚህ ነገር የእረኛው ዓይን ከመሣሪያው ይበልጥ ይታመናል።

የግመል አርቢው ሶማሌ በተናካሽ ዝንቦች የሚተላለፈውን የግመል ትሪፓኖሶማ በሽታ በሽንት ሽታ ይለያል። በሽታው ግመሏን ቀስ በቀስ እያከሳ፣ ሻኛዋን እያሟሸሸ፣ እርግዝናዋን እያስጣለ የሚሄድ ነው። ደም ወስዶ በማይክሮስኮፕ የሚያይ ባለሙያ ተሐዋሲው በደም ውስጥ ባልበዛበት ቀን ሊያጣው ይችላል፤ አፍንጫ ግን የማይክሮስኮፕ ቀጠሮ አይጠብቅም። እንዲህ ያለው እውቀት ከአባት ወደ ልጅ በቃል የተላለፈ ነው።

ሕክምናው ግን እንደ ምርመራው የተሳካ አልነበረም። በጋለ ብረት መተኮስ ለሳንባ ሕመም፣ ለእብጠትና ለአንካሳነት ሁሉ ይሠራበት ነበር፤ አሁንም ይሠራበታል። ቁስሉ ለዝንብና ለእጭ በር ይከፍታል፣ ቆዳውንም ዋጋ ያሳጣል፤ ተሐዋሲን ግን አይገድልም። በአንጻሩ አንዳንዱ ልማድ ከዘመኑ የቀደመ ነበር። በአፍሪካ ቀንድ አርብቶ አደሮች በሳንባ በሽታ ከሞተ ከብት ሳንባ ጥቂት ወስደው በጤነኛው አፍንጫ ወይም ጅራት ቆዳ ውስጥ በመክተት መንጋውን ይከላከሉ ነበር። ቤልጅየማዊው ሐኪም ሉዊ ቪለምስ ይህንኑ ዘዴ ለአውሮፓ የሳይንስ ዓለም ያሳወቀው በ1852 እ.ኤ.አ. ነው። የግመል ፈንጣጣ ቅርፊትን ከወተት ጋር ለውሶ ግልገል ግመሎችን መከተብም በሶማሌዎች ዘንድ የታወቀ ነበር። ዘዴው አደጋ ነበረው፤ አንዳንዱ እንስሳ ከክትባቱ የተነሳ ይሞታል፣ በሽታውም ወደ ሌላ መንጋ ሊሻገር ይችላል። ሆኖም አስቀድሞ ቀላል ሕመም ያዘ እንስሳ ኋላ ከከባዱ እንደሚድን ያወቁት በትምህርት ቤት አልነበረም።

ከመድኃኒቱ ሁሉ የበለጠው መድኃኒት ግን መሸሽ ነበር። የታመመ መንጋ ባለበት ጉድጓድ ውሃ አይጠጣም፤ አባ ሰንጋ የገደለው ከብት የወደቀበት ሜዳ አይጋጥም። ሁለተኛው ልማድ በሳይንስም የተደገፈ ነው። አባ ሰንጋ የሚያመጣው ባክቴሪያ በአፈር ውስጥ ለአሥርት ዓመታት ይቆያል፤ ሬሳው ሲቀደድ ደግሞ ይበረክታል። ድንገት ሞቶ ከአፍንጫውና ከኋላው ያልረጋ ጥቁር ደም የሚያፈስ ከብት ሊቀደድም ሊበላም አይገባም፤ መቃጠል ወይም በጥልቅ መቀበር አለበት። ችግሩ ረኃብ በበረታ ጊዜ የወደቀ ከብት መተው የሚችል ቤተሰብ ማግኘት ነው።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከዘይላ ወደ ሐረር የሚወጣው የነጋዴ መንገድ በዚሁ ቆላ ያልፍ ነበር። ከባሕሩ ዳር የመጣው ጭነት ከኢሳ ግመሎች ወርዶ በደጋው አህዮችና በቅሎዎች ላይ የሚጫነው ጊልደሳ ላይ ነው። ለዚህ ልውውጥ ፖለቲካውም ገደሉም ምክንያት ነበሩ። የእንስሳት ጤናም ድርሻ ነበረው፤ ግመል በደጋው ብርድና ጭቃ ትጎሳቆላለች፣ ከደጋ የወረደ ፈረስና በቅሎ ደግሞ በቆላው በፈረስ በሽታ ያልቃል። ያን በሽታ የምታስተላልፈው ጥቃቅን ተናካሽ ትንኝ መሆኗ የታወቀው በ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው፤ ነጋዴው ግን እንስሳው የት ድረስ እንደሚዘልቅለት ያውቅ ነበር።

ይህ ሁሉ ልምድ በ1880 ዓ.ም. ለመጣው መቅሠፍት አልበቃም። በጥር 1887 እ.ኤ.አ. ዶጋሊ ላይ የተሸነፈችው ጣሊያን ምፅዋ ላይ ሠራዊቷን አጠናከረች፤ ለሠራዊቱ ስንቅና ጭነት ከሕንድ በመርከብ ከመጡ ከብቶች ጋር የደስታ በሽታ ገባ። የበሽታው መንስኤ ቫይረስ ነው። ትኩሳት ይቀድማል፤ ከዚያ ዓይንና አፍንጫ ያነባል፣ ድድና ምላስ ይቆስላል፣ ኃይለኛ ተቅማጥ ይከተላል፤ እንስሳው ከሳምንት እስከ 12 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ይሞታል። በሽታውን ከዚያ በፊት ያላየ መንጋ ምንም የመከላከል አቅም የለውም። በአንድ ዓመት ገደማ ውስጥ ከኤርትራ ጠረፍ ተነሥቶ ትግራይን፣ ጎንደርን፣ ወሎን፣ ሸዋንና ሐረርጌን አዳርሶ ወደ ደቡብ ዘለቀ። በ1890ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ እ.ኤ.አ. የአህጉሩ ደቡባዊ ጫፍ ደርሷል። በኢትዮጵያ ከብቱ ከአሥሩ ዘጠኙ እንዳለቀ በዘመኑ የነበሩ ጸሐፊዎች መዝግበዋል።

የሚያርስ በሬ ጠፋ፤ ድርቅና አንበጣ ተጨመረበት። ክፉ ቀን የተባለው ይህ ረኃብ እስከ 1884 ዓ.ም. ቆየ። ምኒልክ በሬ ያጣው ገበሬ በእጁ እንዲቆፍር ለማበረታታት ራሳቸው ዶማ ይዘው እንደቆፈሩ ይታወቃል። እረኛው እስከዚያ ድረስ የሚያምንበት መሸሽ በዚህ በሽታ ላይ ተገላቢጦሽ ሆነ፤ የተያዘ ከብት ምልክቱ ሳይታይበት ቫይረሱን ስለሚረጭ፣ የሸሸው መንጋ በሽታውን ይዞ ወደ አዲስ ግጦሽ ይገባ ነበር። ግመል በደስታ በሽታ እምብዛም አትታመምም፤ ግመል ያለው የቆላ ቤተሰብ ከባለ በሬው ገበሬ የተሻለ መቋቋሚያ የነበረውም በዚህ ምክንያት ነው።

ለዚህ በሽታ ዓለምም ገና መልስ አልነበረውም። በ1761 እ.ኤ.አ. ክሎድ ቡርዠላ ሊዮን ከተማ ላይ የመጀመሪያውን የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት ሲከፍት ፈረንሳይን ያስጨነቃት ይኸው በሽታ ነበር። ሮበርት ኮህ በሽታው ደቡብ አፍሪካ ሲደርስ ወደ ኪምበርሊ ተጠርቶ በ1897 እ.ኤ.አ. ከሞቱ ከብቶች የተወሰደ ሐሞት ጤነኛውን ሊከላከል እንደሚችል አሳወቀ። ቀጥሎ የዳኑ ከብቶች ደም ውኃ፣ ማለትም ሴረም፣ ከቫይረሱ ጋር አብሮ መስጠት ተለመደ። ጣሊያኖችም በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አስመራ ላይ የሴረምና የክትባት ማምረቻ አቋቋሙ። ሴረሙ ለጥቂት ሳምንታት ብቻ ይከላከላል፤ ለአንድ ከብት የሚያስፈልገው መጠንም ብዙ ስለሆነ ለሰፊ አገር የሚሆን አልነበረም።

ባቡሩ ከጅቡቲ ተነሥቶ በታኅሣሥ 1902 እ.ኤ.አ. ወደ ድሬዳዋ ደረሰ፤ ሐረር ተራራ ላይ በመሆኗ ሐዲዱ ወደዚያ ሳይወጣ ቀረና አዲሲቱ ከተማ ከበረሃው ዳር ተቆረቆረች። መስመሩ ሁርሶን አልፎ፣ አዋሽን ተሻግሮ በ1917 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ገባ። ለእንስሳት ጤና የባቡር ትርጉሙ ድርብ ነው። ከብትና ቆዳ ወደ ጅቡቲ ወደብ በቀናት ውስጥ መድረስ ቻሉ፤ በእግር ሲነዱ በመንገድ ላይ ይታመም የነበረ ከብት ግን አሁን ሳይታወቅበት ወደብ ይደርሳል። ይህ አደጋ የኢትዮጵያ ብቻ አልነበረም። በ1920 እ.ኤ.አ. ከሕንድ ወደ ብራዚል በመርከብ ይጓዙ የነበሩ ከብቶች አንትወርፕ ላይ ሲያርፉ ቤልጅየምን በደስታ በሽታ ስለበከሉ፣ በ1924 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ላይ ዓለም አቀፉ የእንስሳት ጤና ድርጅት ተመሠረተ። ከምፅዋው መቅሠፍት 33 ዓመት በኋላ፣ በዚያው ዓይነት ጭነት የመጣ በሽታ አውሮፓን ሲነካ ነው ዓለም አቀፍ ድርጅት የተገኘው።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ኢትዮጵያ በተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት (ፋኦ) እርዳታ የደስታ በሽታን በክትባት መዋጋት ጀመረች። በዚያን ጊዜ የነበሩት ክትባቶች ቫይረሱን በፍየል ወይም በጥንቸል ሰውነት እያሳለፉ በማድከም የተሠሩ ሲሆን፣ ለአንዳንድ ዝርያ ከብት ይከብዱ፣ በሙቀትም ፈጥነው ይበላሹ ነበር። በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ከሁርሶ በስተ ደቡብ ምሥራቅ፣ ደጋው ላይ፣ የአለማያ እርሻ ኮሌጅ ተከፈተ። በቀጣዩ አሥርት ዓመት የእንስሳት ጤና ረዳቶች ማሠልጠኛና ክትባት የሚያመርተው ብሔራዊ ኢንስቲትዩት ደብረ ዘይት ላይ ተቋቋሙ። አገሪቱ የክትባት ማሰሮዋን በራሷ ምድጃ ላይ ጣደች ማለት ነው። የእንስሳት ሐኪም በዲግሪ የሚያስመርቀው ፋኩልቲ እዚያው ደብረ ዘይት ላይ የተከፈተው ግን ዘግይቶ በ1979 እ.ኤ.አ. ነው። እስከዚያ ድረስ ሐኪሞቹ የሚማሩት ውጭ አገር ነበር።

በ1960 እ.ኤ.አ. ገደማ ኬንያ ሙጉጋ ላይ ዋልተር ፕላውራይት በብልቃጥ ውስጥ በሚያድግ የጥጃ ኩላሊት ሕዋስ ያዳከመውን አዲስ ክትባት አወጣ። ለማንኛውም ዝርያ፣ ለማንኛውም ዕድሜ፣ ለእርጉዝም ጭምር የሚሆን ነው፤ አንድ ጊዜ የተከተበች ላም ዕድሜዋን ሙሉ ትከላከላለች። ፕላውራይት በ1999 እ.ኤ.አ. የዓለም የምግብ ሽልማትን የተቀበለው በዚህ ሥራው ነው። በ1962 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የአፍሪካ የጋራ ዘመቻ ይህን ክትባት ይዞ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ተጓዘና በመጨረሻዎቹ ምዕራፎቹ ኢትዮጵያን አካተተ፤ በ1976 እ.ኤ.አ.ም አበቃ። በ1970ዎቹ መጨረሻ በሽታው ከአፍሪካ ሊጠፋ የተቃረበ መሰለ።

አልጠፋም። ዘመቻው ሲያበቃ ክትባቱ ቀዘቀዘ፤ አዲስ የሚወለዱት ጥጆች ሳይከተቡ አደጉ፤ ቫይረሱ ተደብቆ ከቆየባቸው ኪሶች ወጥቶ በ1980ዎቹ መጀመሪያ አህጉሩን እንደገና አዳረሰ። ከእነዚህ ኪሶች አንዱ ከሁርሶ በስተ ሰሜን ያለው የአፋር ቆላ ነበር። በ1977 እ.ኤ.አ. ክረምት የሶማሊያ ጦር ድሬዳዋን ለመያዝ ሲዋጋ፣ በዚያው ዓመት በአፋር ፍየሎች ላይ ሌላ በሽታ ተጠረጠረ። ትኩሳት፣ የሚያነባ ዓይን፣ የቆሰለ አፍ፣ ተቅማጥና የሳንባ ሕመም ነበረው፤ የደስታ በሽታ የቅርብ ዘመድ የሆነው የበግና ፍየል ወረርሽኝ ነው። በኢትዮጵያ መኖሩ በቤተ ሙከራ የተረጋገጠው በ1991 እ.ኤ.አ. ነው። ጦርነት በሽታን ያስፋፋ እንጂ አልፈጠረውም፤ ሆኖም መኪናውን፣ ነዳጁንና ባለሙያውን ወስዶ መንጋውን ያለ ጠባቂ ተወው።

የዘመቻዎቹ ድካም የሚታየው በሁርሶ ዓይነቱ አገር ነው። የፕላውራይት ክትባት ደርቆ በብልቃጥ ቢታሸግም፣ ከፋብሪካ እስከ መርፌ ድረስ ማቀዝቀዣ ይፈልጋል፤ በፈሳሽ ከተበጠበጠ በኋላ ደግሞ ከሙቀት ተጠብቆ በዚያው ቀን ማለቅ አለበት። ጥላ በሌለበት ሜዳ ላይ በረዶ የተሞላ ሣጥን እስከ ቀትር ይቀልጣል። የክትባት ቡድን ድሬዳዋ ወይም አዋሽ ላይ በረዶ ጭኖ ሲነሣ መኪናው የሚገባበት መንገድ ላይ ብቻ ይሠራል፤ መንጋው ግን ያለው መንገድ በሌለበት ነው። በኢሳና በአፋር መካከል በግጦሽና በውሃ የሚነሣው ግጭት ደግሞ ቡድኑ የሚደርስበትን ይበልጥ ያጠብበዋል። አርቢው ከብቶቹን በቀጠሮ ቀን ሰብስቦ የሚጠብቀው መኪና ሳይመጣ ሲቀር በሚቀጥለው ጊዜ አይሰበስብም። የተከተቡት ከብቶች ብዛት በሪፖርት ላይ ሲያድግ፣ ከመንጋው በተወሰደ ደም ውስጥ የሚገኘው የመከላከል አቅም ዝቅተኛ ሆኖ የሚገኝበት አንዱ ምክንያት ሙቀት ያበላሸው ክትባት ነው።

በ1980ዎቹ አጋማሽ የመላው አፍሪካ የደስታ በሽታ ዘመቻ ከተጀመረ በኋላ፣ አሜሪካዊው ጄፍሪ ማሪነር ያንኑ የፕላውራይት ቫይረስ በሌላ የሕዋስ ዓይነት አሳድጎና የማድረቁን ሂደት አሻሽሎ ያለ ማቀዝቀዣ እስከ 30 ቀን የሚቆይ ክትባት አዘጋጀ። ለውጡ ቀላል ቢመስልም ብልቃጡ በግመል ጀርባ ወይም በእረኛ ከረጢት መጓዝ ቻለ። የሚቀጥለው ጥያቄ ማን ይወጋ የሚለው ነበር። ብዙ የእንስሳት ሐኪሞች መርፌ ላልተማረ ሰው መስጠትን ተቃወሙ፤ ተቃውሟቸው ከሙያ ጥንቃቄም ከእንጀራ ስጋትም የመነጨ ነበር። በ1994 እ.ኤ.አ. ግን በአፋር ሽማግሌዎቹ ከመካከላቸው የመረጧቸው ሰዎች አጭር ሥልጠና ወስደው ክትባቱን ይዘው ወደ መንጋው ሄዱ። የተከተቡት ከብቶች ደም ሲመረመር ብዙዎቹ የመከላከል አቅም አግኝተው ተገኙ። በአፋር የመጨረሻው የደስታ በሽታ ወረርሽኝ የታየው በኅዳር 1995 እ.ኤ.አ. ነው።

የማኅበረሰብ እንስሳት ጤና ሠራተኛ የሚባለው ይህ ባለሙያ ኋላ በሶማሌና በቦረናም ተስፋፋ። ሥልጠናው የሚጀምረው ሠልጣኙ ከሚያውቀው ነው፤ የበሽታዎቹ ስሞች በራሱ ቋንቋ ይወሰዳሉ፣ ከዚያ እያንዳንዱ በምን እንደሚተላለፍ፣ የትኛው በመድኃኒት እንደሚድን፣ የትኛውን መከላከል እንጂ ማዳን እንደማይቻል ይለያል። መድኃኒቱ ጥቂት ነው፤ ለባክቴሪያ ኦክሲቴትራሳይክሊን፣ ለሆድ ትል አልቤንዳዞል፣ ለእከክና ለውስጥ ትል አይቨርሜክቲን፣ ለትሪፓኖሶማ የራሱ መድኃኒት። የእንስሳውን ክብደት በዓይን ገምቶ መጠኑን ማስተካከል ከሥልጠናው ክፍሎች ሁሉ ከባዱ ነው፤ አነስተኛ መጠን በሽታውን ሳያድን ተሐዋሲውን መድኃኒት ያስለምደዋልና። ቫይረስ በአንቲባዮቲክ እንደማይሞትም መታወቅ አለበት፤ የደስታ በሽታ በታየበት ዘመን ብዙ ቤተሰብ ገንዘቡን ለማይረባ መርፌ አውጥቷል።

የደስታ በሽታ ከአፋር በጠፋበት ወራት፣ በ1995 እና በ1996 እ.ኤ.አ. መካከል፣ የኢትዮጵያ ግመሎችን ፈጣን የሳንባ ሕመም ያዛቸው። ከታመሙት በተወሰደ ናሙና የበግና ፍየል ወረርሽኝ ቫይረስ ምልክት ተገኘ። ግመል ከደስታ በሽታ የተረፈች እንስሳ ናት ተብሎ ለዘመናት ሲታመን፣ የዚያ በሽታ ዘመድ በግመል ላይ መታየቱ የቆላውን ነዋሪ ያሳሰበው በምክንያት ነው።

ከዚያ ቀጥሎ የመጣው ጉዳት በሽታ ሳይገባም ገበያን ሊዘጋ እንደሚችል አሳየ። በ1997 መጨረሻና በ1998 እ.ኤ.አ. በምሥራቅ አፍሪካ ከባድ ጎርፍን ተከትሎ የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት ተነሣ። በሽታውን የሚያስተላልፈው ትንኝ እንቁላሉ በደረቅ አፈር ውስጥ ለዓመታት ይቆያል፤ ጎርፍ ሲያጥለቀልቀው ይፈለፈላል። ምልክቱ በአንድ ጊዜ የብዙ በጎች፣ ፍየሎችና ግመሎች መጨንገፍና የግልገሎች እልቂት ነው፤ ሰውም ደሙን በመንካት ይያዛል። ሳዑዲ ዓረቢያ በ1998 እ.ኤ.አ. የአፍሪካ ቀንድ እንስሳትን ከለከለች፤ በመስከረም 2000 እ.ኤ.አ. በሽታው በሳዑዲዋ ጂዛንና በየመን ሲታይ እገዳው ከነጭራሹ ጠነከረ። በድሬዳዋና በጅቡቲ መካከል ያለው የፍየልና የግመል ንግድ ዋጋው ወደቀ። በግ ሸጦ እህል የሚገዛው የኢሳ ቤተሰብ ያልታመመ በግ ይዞ ገዢ አጣ። በ2006 እ.ኤ.አ. ጅቡቲ ውስጥ ዳሜርጆግ ላይ የተከፈተው የእንስሳት ማቆያ እንስሳቱን ለይቶ፣ ደማቸውን መርምሮና ከትቦ ለመላክ የታሰበ ነው። ሳዑዲ እገዳውን ያነሣችው በ2009 እ.ኤ.አ. ነው።

ሁርሶ በዚህ ጊዜ በሌላ ነገር ይታወቅ ነበር። በ2003 እ.ኤ.አ. ጅቡቲ ላይ የሰፈረው የአሜሪካ ግብረ ኃይል ወታደሮች በሁርሶ ወታደራዊ ማሠልጠኛ ለኢትዮጵያ ሠራዊት ሥልጠና መስጠት ጀመሩ። ከግብረ ኃይሉ ጋር የመጡ የእንስሳት ሐኪሞች ደግሞ በምሥራቅ ኢትዮጵያ አርብቶ አደር መንደሮች የሕክምና ዘመቻ እያካሄዱ ለፍየልና ለግመል የትልና የመዥገር መድኃኒት ይሰጡ ነበር። በአንድ ቀን ብዙ እንስሳ ይታከማል፤ አርቢውም ይደሰታል። የዘመቻው ጥቅም ግን አጭር ነው። የሆድ ትል መድኃኒት የወሰደች ፍየል ከዝናብ በኋላ በተበከለ ግጦሽ ላይ ስትሰማራ ከሳምንታት በኋላ ትሉ ይመለስባታል። በነጻ የታደለው መድኃኒት ደግሞ በአነስተኛ ዋጋ የሚሸጠውን የማኅበረሰብ ሠራተኛ ደንበኛ ያሳጣዋል። ትሉን የሚቀንሰው በዝናብ መጀመሪያና መጨረሻ በፕሮግራም መስጠት፣ ግልገሎችን ከአዋቂ ለይቶ ማሰማራትና ያለ ፋታ አንድ ቦታ አለማስጋጥ ነው፤ ይህ በአንድ ቀን አይሠራም።

በ2008 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያ ከደስታ በሽታ ነጻ መሆኗ በዓለም አቀፍ ደረጃ ታወቀ። በግንቦት 2011 እ.ኤ.አ. የዓለም የእንስሳት ጤና ድርጅት በሽታው ከምድር መጥፋቱን አጸደቀ፤ በሰኔ ፋኦ አወጀ። ከሰው ፈንጣጣ ቀጥሎ በሰው ጥረት የጠፋ ሁለተኛው በሽታ ነው። ዛሬ ከፍተኛ ጥበቃ በሚደረግላቸው ጥቂት ቤተ ሙከራዎች ብቻ ናሙናው ይቀመጣል፤ ከእነዚህ አንዱ ደብረ ዘይት፣ አሁን ቢሾፍቱ፣ ያለው የአፍሪካ ኅብረት የክትባት ማዕከል ነው።

በደስታ በሽታ የተገኘው ልምድ ወደ ዘመዱ ዞረ። በ2015 እ.ኤ.አ. አቢጃን ላይ የተሰበሰቡ አገሮች የበግና ፍየል ወረርሽኝን እስከ 2030 ለማጥፋት ተስማሙ። በዚያው ዓመት ግን የሁርሶ አካባቢ የተመታው በድርቅ ነበር። የኤል ኒኞ ድርቅ በ2015 እና በ2016 በሶማሌ ክልል ያለውን የሲቲ ዞን ሜዳ አደረቀው፤ ከ2020 በኋላ የተከታተሉት የዝናብ መጥፋቶችም ምሥራቁን አራቆቱት። ድርቅ በሽታን በራሱ አያመጣም፤ መንጋዎቹን ግን በቀሩት ጥቂት ጉድጓዶች ዙሪያ ያጨናንቃቸዋል፣ ከሩቅ የመጣውንም ከቅርቡ ያደባልቃል፣ የመከላከል አቅምንም ያዳክማል። ከሳ ብሎ ወገቡ የታየ እንስሳ ሲከተብ የሚያዳብረው መከላከያ ደካማ ነው። ስለዚህ ክትባት ከድርቁ በፊት፣ እንስሳው ሥጋ ለብሶ ሳለ፣ መሰጠት አለበት። ድርቅ ሲከፋ መጀመሪያ ውሃና መኖ ቢቀርብለት፣ ቀጥሎ ለትል ቢታከም፣ ከዚያ ቢከተብ የተሻለ ይሆናል።

ሳይንስ ስለ ግመልም አዲስ ነገር ጨመረ። በ2012 እ.ኤ.አ. በሳዑዲ በሰው ላይ የተገኘው የመርስ ኮሮናቫይረስ በግመሎች ውስጥ እንደሚኖር ከታወቀ በኋላ፣ የኢትዮጵያ ግመሎች ደም ሲመረመር አብዛኞቹ ከዚህ ቀደም እንደተነኩበት ተገኘ። ግመል ላይ ያለው ምልክት ቀላል ጉንፋን ነው፤ በሰው ላይ ግን ሊገድል ይችላል። ጥሬ የግመል ወተት በቆላው ባህል የተከበረ መጠጥ በመሆኑ ለብሩሴላ በሽታም መንገድ ነው፤ አፍልቶ መጠጣት በወተት በኩል የሚመጣውን ይከላከላል። ለብዙ አርቢ ግን የፈላ የግመል ወተት ጣዕሙን ያጣ ነው። የጤና ባለሙያዎች በዚህ ነጥብ ላይ ብዙ ቢደክሙም የጥሬ ወተቱ ልማድ እንደ ጸና ነው።

የበግና ፍየል ወረርሽኝ ክትባት ቢሾፍቱ ላይ ይመረታል። አንድ መርፌ ለዓመታት ይከላከላል፤ ለመሥራት ግን ከመንጋው ትልቁ ክፍል መከተብ አለበት። እናቷ የተከተበች ግልገል ከእናቷ በወተት ያገኘችው መከላከያ እስኪዳከም፣ ማለትም ከሦስት እስከ አራት ወር እስኪሞላት፣ ክትባቱ አይይዝላትም። ፍየል ቶሎ ቶሎ ስለምትወልድ በየዓመቱ ያልተከተቡ ብዙ እንስሳት መንጋውን ይቀላቀላሉ። ዘመቻው በአንድ ወረዳ አልፎ በጎረቤቱ ሲቀር፣ ከድሬዳዋ አስተዳደር ወደ ሲቲ ዞን፣ ከሲቲ ወደ አፋርና ወደ ጅቡቲ የሚመላለሰው መንጋ ቫይረሱን ይመልሰዋል። ስለዚህ በእነዚህ ወሰኖች ሁሉ የግልገሎች መወለጃ ወራት ተጠብቆ፣ ዓመት በዓመት፣ በአንድ ጊዜ መከተብ ያስፈልጋል። ከእያንዳንዱ ዘመቻ በኋላም የደም ናሙና ተወስዶ ከተከተቡት ስንቶቹ መከላከያ እንዳዳበሩ ይመረመራል።